የአቶ ኑረዲን ፍርሃትና የልጃቸው ገመድ

ባለፈው ዓመት በግንቦት መጀመሪያ የታመመች እህቴን ለመጠየቅ አዋሽ ሄጄ ሦስት ቀን ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደማስተምርበት ወደ ሰመራ ለመመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሸበቶ ሰው መኪናው ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ የፊተኛውን ወንበር ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። ገዋኔን ካለፍን በኋላም አልለቀቁትም። ጣቶቻቸው ወፋፍራምና ጠባሳ የበዛባቸው ናቸው። የመኪናው ፍጥነት ያስፈራቸው መስሎኝ፣

«አባቴ፣ አይስጉ። ሹፌሩ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ አብሬው ተጉዣለሁ» አልኳቸው።

«መኪናውን አይደለም ልጄ» አሉኝ። «የምፈራው ስደርስ የማገኘውን ነው።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ተጀመረ። ስማቸው አቶ ኑረዲን ነው። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው አዋሽ ባቡር ጣቢያ የሠሩ ናቸው። እሳቸውም እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አናጢ ሆነው፣ በርና መስኮት ሲገጥሙ፣ ጣሪያ ሲመቱ አርጅተዋል። ሂያም የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሰመራ የግንባታ ሙያ ተምራ ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጥራ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቅጥሩም አብሮ አለቀ። እሳቸው ሌላ የቢሮ ሥራ ያገኘች ይመስላቸው ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ግን አንድ የሚያውቃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ከጅቡቲ ሲመለስ ቤታቸው ጎራ ብሎ፣ «ሂያምን ሰመራ አየኋት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብቻዋን መዶሻ ይዛ» ብሎ ነገራቸው።

«ወላሂ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም» አሉኝ። «ዓይኔን ስጨፍን ከጣሪያ የሚንሸራተት ሰው ይታየኛል። ልመልሳት ነው የምሄደው። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ የኔን ቃል ባትሰማ የመምህር ቃል ትሰማ ይሆናል። እባክህ አብረኸኝ ተናገር።»

እውነቱን ለመናገር እኔም የሐሳባቸው ተካፋይ ነበርኩ። ሴት ልጅ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያውም ለብቻዋ ጣሪያ ላይ መውጣቷ እብደት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ አብሬያቸው ሄጄ እንደምመክራት ቃል ገባሁ።

ሰመራ የደረስነው ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አቶ ኑረዲን ደወሉላት፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደግመው ደወሉ። በሦስተኛው ጥሪም መልስ አልተገኘም። ባጃጅ ጠርቼ ነጂውን፣ «ሂያም የምትባል ጣሪያ የምትጠግን ልጅ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እሷን የማያውቅ አለ? ዛሬ ሉላ ግቢ ናት» አለና አሳፈረን።

ሉላ ክፍሎች እየሠራች ለተማሪና ለመንግሥት ሠራተኛ የምታከራይ የአፋር ሴት ናት። ግቢዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። አቶ ኑረዲን ከባጃጁ ወርደው ጣሪያውን ባዩ ጊዜ «ሂ…» ብለው ሊጣሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሉላ ፈጥና እጇን አነሳችባቸው።

«ዝም በል! ላይ ሆና ስሟን አትጥሩ ብላኛለች። ደንግጣ ብትዞርስ?» አለች። አማርኛዋ የአፋር ነውና ሽማግሌውንም ልጁንም «አንተ» ትላለች።

ሂያም ከጣሪያው አናት ትንሽ ዝቅ ብላ በጉልበቷ ተንበርክካለች። በሻሿ ላይ ቢጫ ሄልሜት ደፍታለች፤ ሰፊ ሱሪና ረጅም እጅጌ ያለው ቱታ ለብሳለች። ወገቧና ጭኖቿ በሰፊ ቀበቶ ታስረዋል። ከቀበቶው የተነሳ ወፍራም ገመድ የጣሪያውን አናት ተሻግሮ ከቤቱ ጀርባ ካለው የውሃ ታንከር ማቆሚያ ብረት ጋር ታስሯል። አንዱን ቆርቆሮ ነቅላ ወደ ጎን አድርጋ፣ ሥር ያለውን እንጨት ትመረምራለች።

አቶ ኑረዲን የግቢውን በር ብረት ጨበጡ።

ያን ጊዜ በሰርዶ ከተማ በኩል ያለው ሰማይ ቡናማ ሆነ። በዚህ አገር የኖረ ሰው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሉላ «አቧራ መጣ!» አለች። ሂያም ቀና ብላ አየች። እኔ ወደ መሰላሉ የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መዶሻዋን ከመያዣው ከትታ በደረቷ ተኛች።

ንፋሱ ሲደርስ ግቢው ጨለመ። የጎረቤት በሮች በኃይል ተዘጉ። የተነቀለው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተነሥቶ ጎኗን መታትና አልፏት ሜዳ ላይ ወደቀ። ያየሁት የመጨረሻ ነገር ሰውነቷ በቆርቆሮው ላይ ወደ አሸንዳው ሲንሸራተትና እግሮቿ ከጠርዙ ሲያልፉ ነው። አንድ ጫማዋ ከፊታችን ወደቀ። ከዚያ ገመዱ ተወጠረ፤ ከቤቱ ጀርባ ብረቱ ሲያቃስት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አቧራው ሁሉን ሸፈነው።

አንባቢ ሆይ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። ሁለት ደቂቃ ይሆናል። አንድ ጊዜ እንኳ ያላነጋገርኳትን ልጅ ሞት ቆሜ የምጠብቅ መሰለኝ። ከአጠገቤ አቶ ኑረዲን በሩን እንደያዙ ቆመው ቀስ ባለ ድምፅ አንድ ስም ይደጋግማሉ፤ የልጃቸውን ስም አልነበረም። «ኃይለ ልዑል… ኃይለ ልዑል…» ይላሉ።

አቧራው ሲያልፍ ሂያም ከጣሪያው ጠርዝ ላይ በወገቧ ተንጠልጥላ አየናት። ገመዱ ይዟታል። ጥቂት አረፈች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ገመዱን እየሳበች ወደ ላይ ወጣችና ከክፍቱ ቦታ ጎን ላላ ያለውን ቆርቆሮ በሁለት ምስማር አስያዘችው። በመጨረሻም በመሰላሉ አንድ በአንድ እየረገጠች ወረደች። መሬት ስትደርስ ተቀመጠች። ሉላ ውሃ አቀረበችላት። ጠጥታ ቀና ስትል አባቷን አየቻቸው።

«አባዬ! መቼ መጡ?»

«አሁን፣ ስትወድቂ» አሉ አቶ ኑረዲን።

«አልወደቅኩም። ተንሸራተትኩ፤ ገመዱ ያዘኝ።»

ሉላ ምንጣፍ አውጥታ ከዳሱ ጥላ ሥር አስቀመጠችን። እኔም ማንነቴንና የመጣሁበትን ጉዳይ ለሂያም ገለጽኩላት። አክብራ ሰማችኝ። ቀጥሎ አቶ ኑረዲን ጀመሩ።

«ልጄ፣ ልብስሽን ሰብስቢና ነገ ጠዋት አብረን እንመለስ። ይህ ሥራ የሴት አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያይሽ ቦታ ላይ መቆም ነውር ነው።»

«አባዬ፣ እርስዎ አዋሽ ጣሪያ ሲወጡ የግቢው ሴቶች የት ይሆኑ ነበር?»

«ቤት ይገቡ ነበር። ምን ማለትሽ ነው?»

«የጎረቤቱስ ሴቶች?»

«እነሱም ይገባሉ። ወንድ ከላይ እያየ እንዴት ይቀመጣሉ?»

«እንግዲህ እርስዎ እስኪወርዱ ድረስ የሦስት ግቢ ሴቶች በዚያ ሙቀት ከነልጆቻቸው በር ዘግተው ይቀመጡ ነበር ማለት ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ሰው የሚውለውም የሚያድረውም ውጭ ነው። ባል መንገድ ላይ ሆኖ ጣሪያ ቢያፈስ ሴቲቱ ባዕድ ወንድ አታስወጣም፤ ባሏ እስኪመጣ ትጠብቃለች። እስከዚያ ምን ታደርጋለች? ቆርቆሮው በንፋስ እንዳይነሳ ልጆች ድንጋይና ያረጀ ጎማ እንዲጭኑበት ታደርጋለች።»

ሉላ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገብታ፣ «እውነቷን ነው» አለች። «እኔም አምስት ድንጋይ ነበረኝ። አንዱ ባለፈው ዓመት በንፋስ ወርዶ እህቴ የተኛችበት አልጋ እግር ሰበረ። አልጋውን ባይመታ እሷን ነበር። ሂያም ስትመጣ ግን ማንም አልገባም፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን እሷ ሥራዋን ትሠራለች።»

እኔ ይህን ስሰማ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ምክር ግማሹ ጠፋብኝ። ሴትነቷ ለሥራው እንቅፋት ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ ሰው የሚጠራት በዚሁ ምክንያት ነው። አቶ ኑረዲን ግን አልተረቱም።

«እሺ፣ ይሁን። ብቻሽን መሆንሽስ? ጣሪያ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ብትወድቂ ማን ይይዝሻል? ለምን ከድርጅት ጋር አትሠሪም?»

«ድርጅት ለሦስት ምስማር አይመጣም አባዬ። ቢመጣም ጣሪያው በሙሉ ይቀየር ይላል። ትንንሹን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው አጥቶ ነው የሰው ቤት የሚበሰብሰው። ይህ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሥራ ነው፤ ከአንድ ሰው በላይም አያኖርም። ብቻዬን ስለሆንኩም ሥርዓት አለኝ። በመጀመሪያ ከቤት ውስጥ ሆኜ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ እቆጥራለሁ፤ ያለ ምክንያት አልወጣም። እታች አንድ አዋቂ ሰው ከሌለ መሰላል አላቆምም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል፣ ራስ ያዞራል፤ አልነካውም። ገመዱን ደግሞ ሳልወጣ በሙሉ ክብደቴ እንጠለጠልበታለሁ።»

«ገመድ!» አሉ አቶ ኑረዲን ፊታቸውን አዙረው። «እኛ በገመድ አልሠራንም። የታሰረ ሰው እንደ ፍየል ነው። የሰው ቀኑ በአላህ እጅ ነው፤ ቀኑ ከደረሰ ገመድ አያስቀርም።»

«አባዬ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ በአናጢነት ሲሠሩ ባቡር ሲመጣ ከሐዲዱ አይወርዱም ነበር?»

«እወርድ ነበር እንጂ!»

«ቀኔ በአላህ እጅ ነው ብለው ሐዲዱ ላይ የቆዩበት ቀን አለ?»

እኔ ልስቅ ብዬ የአቶ ኑረዲንን ፊት አይቼ ተውኩት። ሂያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«እኔ ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎት። በየቀኑ እፈራለሁ። መሰላሉ ላይ ሦስተኛው ደረጃ ስደርስ ተመልሼ መውረድ ያምረኛል። ዛሬ እግሬ ከጠርዙ ሲያልፍ እናቴን ነው የጠራሁት። ፍርሃቴን ስለማልደብቀው ግን ገመድ ገዛሁ። ፈሪ አይደለሁም ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ ሬሳዬን ነበር የሚያገኙት።»

ይህን ጊዜ አቶ ኑረዲን እጃቸውን ተመለከቱ። መዳፋቸው የበሩን ብረት ከመጨበጥ ብዛት ቀልቷል። ከዚያም፣

«ኃይለ ልዑልን አታውቂውም» አሉ። «ከመወለድሽ በፊት ነው። ጓደኛዬ ነበር። የአንድ ነጋዴ መጋዘን ቆርቆሮ ስንመታ ንፋስ መጣ፤ ልክ እንደዛሬው። እኔ በሁለት እጄ እንጨቱን ያዝኩ። እሱ ከእኔ በአንድ ክንድ ርቀት ተንሸራተተ። እጁን ዘረጋልኝ። አንድ እጄን ብለቅ እደርስበት ነበር። አለቀቅኩም። እጄ አልለቅ አለኝ። ስሜን ጠራ። ከዚያ ወረደ።»

ሉላ «ያ አላህ!» አለችና አፏን ያዘች።

«ለሰው ሁሉ ዞር ስል አጣሁት አልኩ። ከዚያም አሥራ አምስት ዓመት ጣሪያ ወጣሁ፤ ሰው ኑረዲን ደፋር ነው ይል ነበር። እኔ ግን ከመውጣቴ በፊት ከቤት ጀርባ ሄጄ አስመልስ ነበር። ለእናትሽም አልነገርኳት።»

ሂያም ተጠግታ ሁለቱን እጆቻቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ ቅድም 'ብትወድቂ ማን ይይዝሻል' አሉኝ። ኃይለ ልዑል ሲወድቅ እርስዎ እዚያ ነበሩ። ይወዱትም ነበር። ሰው በፍርሃት ጊዜ እጁ ይጨብጣል እንጂ አይፈታም፤ የማንም ሰው እጅ እንደዚያ ነው። ጥፋቱ ከእጅዎ አይደለም፤ የሰው ነፍስ በሰው እጅ ላይ ብቻ በመንጠልጠሉ ነው። ዛሬ እኔን የያዘኝ የማይደነግጥ ነገር ነው።»

አቶ ኑረዲን አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነውና እኔ ወደ ጣሪያው ዞርኩ። ቆይተው ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ያልጠበቅኩትን ተናገሩ።

«ዛሬ ግን አጥፍተሻል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«በግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ነቅለሽ ክፍት ትተሻል። ከሰዓት መንቀል የለም፤ ከሰዓት ማሰር ብቻ ነው። የሚነቀለውን ጠዋት ንቀይ። ስትጀምሪም ንፋሱ ከሚመጣበት ወገን ጀምሪ፤ እዚያ ያለው ጠርዝ ከተያዘ ሌላው ይጸናል። ይህን ያላስተማሩሽ ለምንድን ነው?»

«በተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም» አለች ሂያም። ከቱታዋ ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥታ ጻፈችው።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔም ከእነሱ ጋር ሉላ ግቢ ነበርኩ። አቶ ኑረዲን ከቤቱ ጀርባ ሄደው የገመዱን ቋጠሮ በእጃቸው ፈተሹት፤ ራሳቸውም ተንጠለጠሉበት። ሂያም ስትወጣ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ፈርቻለሁ» አሉኝ፤ ይህን ቃል ጮክ ብለው ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። «ቢሆንም ትውጣ።»

ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፏል። የሂያም ሥራ ያመጣውን ጥቅም የሩቅ ሰው አልነገረኝም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በእኛ ሰፈር ድንጋይ የተጫነበት ጣሪያ አሁን ጥቂት ነው፤ ውጭ ከግድግዳ ሥር የሚተኛ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ሳይፈራ ይተኛል። እናቶች ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሂያምን ጠርተው ምስማራቸውን ያስጠብቃሉ፤ ቤቱ በሙሉ እስኪበሰብስ አይጠብቁም። በአጎራባቿ ሎጊያ ከተማ የሚሠሩ ሁለት ወንድ ጣሪያ ሠሪዎች በመጀመሪያ ሳቁባት፤ ከመካከላቸው አንዱ መሰላል ተንሸራቶበት ክንዱ ከተሰበረ በኋላ ቀበቶውን የት እንደገዛች ሊጠይቃት መጣ። እሷም ራሷን ችላለች፤ የሥራ ፈቃዷን አውጥታ ስሟንና ስልኳን በቆርቆሮ ላይ አጽፋ ከደጇ ሰቅላለች። አቶ ኑረዲን ሰማዩ ሲከብድ ከአዋሽ ይደውሉላታል። ላይ ከሆነች አታነሳም፤ እሳቸውም ለምን እንደማታነሳ ስለሚያውቁ ጥቂት ቆይተው ይደውላሉ።

ባለፈው ወር እህቴን ለማየት አዋሽ በሄድኩ ጊዜ ሂያምም ለእረፍት መጥታ ነበር። አቶ ኑረዲን አንድ ቤት አብረናቸው እንድንሄድ ለመኑን። ከጣቢያው ጀርባ ያለች የወይዘሮ አለሚቱ ቤት ናት፤ የኃይለ ልዑል ባለቤት። ጣሪያቸው ለብዙ ክረምት ሲያፈስ ቆይቷል። ሠሪ ሲመጣባቸው ወይዘሮ አለሚቱ ከቤታቸው ላይ ሰው አይወጣም ብለው ይመልሱት ነበር። አቶ ኑረዲንም በዚያ መንገድ ላለማለፍ ሁልጊዜ በገበያው በኩል ይዞሩ ነበር።

ሂያም ገመዷን ስታስር ወይዘሮ አለሚቱ በር ላይ ቆመው አዩአት። ቋጠሮውን፣ ቀበቶውን፣ ሁሉን አዩ። አልከለከሉም። እሷ ከላይ ምስማር ስትመታ አቶ ኑረዲን ከታች ዱካ ላይ ተቀምጠው ለእኛ የነገሩንን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር።

ወይዘሮ አለሚቱ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው ሰሙ። ሲጨርሱም ስለ እጃቸው አልጠየቁም።

«እንዲህ ያለ ገመድ ያኔ አልነበረም?» አሉ።

አቶ ኑረዲን ወደ ጣሪያው አዩ፤ ከዚያ ወደ መሬት።

«ነበረ» አሉ። «መጋዘኑ ውስጥ ጥቅል ገመድ ነበረ አለሚቱ። ኃይለ ልዑል እንታሰር ወይ ብሎኝ ነበር። ሰው ይስቅብናል ያልኩት እኔ ነኝ።»

መዶሻው ከላይ መምታቱን ቀጠለ። ወይዘሮ አለሚቱ ሄደው የመሰላሉን እግር በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ሂያም እስክትወርድም አልለቀቁትም።